የአፍንጫ አራስ

እናቴ ያረሰችኝ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ልጅ ወልጄ አይደለም፤ ጅማ ሄጄ አፍንጫዬን ቀዶ ሕክምና ተደርጌ በመመለሴ ነው። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን መሳቅ ራሱ ሥራ ነበር፤ አየሩንም ምግቡንም ሳቁንም በአንድ አፍ ማስተናገድ ቀላል አይደለም።

አፍንጫዬ የተጣመመው በልጅነቴ ጌጫ ነው። የጌጫ ጭቃ ሯጭ አይወድም። ከጎረቤት ጓሮ ስሮጥ ተንሸራተትኩና እንሰት የሚፋቅበት ሳንቃ ላይ በፊቴ ተደፋሁ። አፍንጫን ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል እንደሚባለው አለቀስኩ፤ ደሜ ቆመ፤ ነገሩም ተረሳ። ከውጭ ሲያዩት አፍንጫዬ እንከን የለውም፤ እንዲያውም እናቴ «የአባትሽ ቤት አፍንጫ ነው» እያለች ትኮራበታለች። ከውስጥ ግን መሃል ላይ ያለው ግድግዳ ወደ ግራ ተጋድሞ አንዱን ቀዳዳ ዘግቶት ኖሯል። በአንድ ቀዳዳ አድጌ፣ በአንድ ቀዳዳ ተምሬ፣ በአንድ ቀዳዳ ተዳርኩ።

የተዳርኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። ባለቤቴ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማሽን ጥገና ይሠራል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሱ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ የእሱን ድርሻም እኔ እናገርለታለሁ። ማንኮራፋቴን በተመለከተ በትዳራችን ዘመን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው ያደግኩት» አለ። ከዚያ ዞሮ ተኛ።

ልጅ አልሰጠንም። ፈልገናል፣ ሐኪም ቤት ተመላልሰናል፤ በእኔ በኩል ጸበሉ፣ በእሱ በኩል የጸሎት ቡድኑ ተሞክሯል። በመጨረሻ ሁለታችንም ተስማምተን ተውነው፤ ከተውነው በኋላ ደግሞ ቤታችን ቀለል አለን። እኛ ተውነው፤ እናቴ ግን አልተወችውም። ጌጫ ባለው ቤቷ ጓዳ ውስጥ ለእኔ አራስነት የተሰናዳ ነገር ነበር፤ ለአጥሚት የሚሆን እህል፣ አንድ ነጭ ጋቢ፣ በቅል የተቀመጠ ቅቤ። እህሉን ነቀዝ ሲጀምረው አውጥታ በአዲስ ትተካዋለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እያየሁ እንዳላየ አልፈው ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን የወሰንኩት ትምህርት ቤታችን ወዳለበት ዳገት ስወጣ ከባጃጅ የባሰ ድምፅ ማውጣት ስጀምር ነው። ጅማ ያገኘሁት ሐኪም ወጣት ነው፤ አፍንጫዬን በመብራት አይቶ «እስከ ዛሬ እንዴት ኖሩ?» አለኝ። «በአፌ» አልኩት። ግድግዳውን አቃናልኝ። ስወጣ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረኝ፤ በየቀኑ ደጋግመው በጨው ውሃ ይጠቡት፤ ምንም ነገር እንዳያስገቡበት፤ በሳምንቱ ተመልሰው ይምጡና ላጽዳው። እኔም ተማሪዎቼ ለእኔ እንደሚነቀንቁልኝ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ቤቴ ስደርስ እናቴ ቀድማኝ ደርሳለች። ባለቤቴ ደውሎላት በቴፒ በኩል መጥታ ኖሯል፤ ከነጓዟ። ነጩ ጋቢ አለ፣ የአጥሚቱ እህል አለ፣ ቅሉ አለ። ያበጠ ፊቴንና የጠቆረ ዓይኔን አየችና ከንፈሯን መጠጠች፤ ከዚያ «ተኚ» አለችኝ።

የሳሎኑን መጋረጃ አውርዳ አልጋዬን ከለለችው። መስኮቱን ዘጋችው። ትራሴ ሥር ቢላዋ አኖረች። ምድጃውን ወደ ጓሮ አወጣችው፤ ሽቶ የተቀባ ሰው ከደጃፍ እንዲመለስ አዘዘች። «ቁስል ሽታ አይወድም፤ ምች ይመታሻል» አለችኝ። ይህን ለሰማ የአገራችን ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አራስም ሆነ ቁስለኛ ድንገተኛ ሽታ ካገኘው ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ትኩሳት ይይዘዋል ይባላል። የእኔ ቁስል ደግሞ ያለው ራሱ አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ሽታ መግቢያው ላይ ቁስል እያለለት ሩቅ ምን ያስሄደዋል? እናቴ ይህን አስባ ጨርሳለች። ጤና አዳም አሸች፣ ከቅሉ ቅቤ ቆንጥራ ቀላቀለችው፣ በጥጥ ጠቀለለችና ሁለቱን ቀዳዳዎቼን ወተፈቻቸው።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ምንም ነገር እንዳይገባ ብሏል» አልኳት።

«ሐኪሙ ወልዶ ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔስ ወልጄ አውቃለሁ?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ቤቱን ወዲያና ወዲህ ስትመላለስበት፣ አጥሚቱን ስታማስል፣ «ቅመሺ፣ ሙቀቱ ሳይሄድ» ስትለኝ፣ ዕድሜዋ ከትከሻዋ የወረደላት ትመስል ነበር። ባዮሎጂ አውቃለሁ። ግን በዚያ መጋረጃ ውስጥ ጋቢ ለብሼ ስጋደም ባዮሎጂው ትምህርት ቤት ቀረ።

የጨው ውሃውን ነገር ሳነሳባት «ቁስል ላይ ጨው? ሰው በጠላቱ ላይም አያደርገው» ብላ ዘጋችው። የጅማው ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ «አራስ በዚያ ሁሉ ጫካ መንገድ አትወጣም» አለች። ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው አንድ ጥያቄ የጠየቃት፤ በደንብ አስቦ፣ በትሕትና።

«እማማ፣ ይቺ አፍንጫ አራስነቷ እስከ መቼ ነው? ወንድ ነች ሴት? አርባ ቀን ነው ሰማንያ?»

እሷም አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና «አርባ ይበቃታል» አለችው።

ከጠያቂዎቼ መካከል የእድራችን አንዲት ትልቅ እናት ነበሩ፤ ዓይናቸው ደከም ያለ። ገብተው መጋረጃውን አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ አጥሚቱን አዩ፤ ጎንበስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። እናቴ ግን «አሜን» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማኋት፤ ሳቄም ቆመ።

አርባው ቀን አለቀ፤ መጋረጃው ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ እናቴም ግዳጇን እንደጨረሰ ሰው ተረጋግታ ጌጫ ገባች። እኔ ጥጤን አውልቄ አየሩን መጠበቅ ጀመርኩ። አልመጣም። እብጠቱ ገና ነው ብዬ ታገስኩ። እብጠቱ ጠፋ፤ አየሩ አልመጣም። ድሮ በአንዱ ቀዳዳ እተነፍስ ነበር፤ አሁን እሱም አብሮ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ሳስታውስ የሚታወሰኝ የአፌ መድረቅ ነው። «ሰው በአፍንጫው የሚተነፍሰው አየሩ እንዲጣራ፣ እንዲሞቅና እንዲረጥብ ነው» እያልኩ አፌን ከፍቼ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ጨዋዎች ናቸው፤ የሚስቁት ወደ ሰሌዳው ስዞር ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ስበላ መታኘኩንና መተንፈሱን ተራ ማስያዝ አለብኝ፤ ስለዚህ እንግዳ ፊት መብላት ተውኩ። ገበያ ስወጣ ኮረሪማውን ፈልቅቄ አፍንጫዬ ሥር እይዘዋለሁ፤ ድንጋይ እንደማሽተት ነው። የኮረሪማ ነጋዴዋ የሸኮ ብሔር ሰው ናት፤ በዓይኗ ትከታተለኝና «መምህር፣ ገና አልዳንሽም? እኔ ጥሩ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ አታሽትቺ» ትለኛለች። እሷ አታለለችኝ አልልም። በቅቤ ያታለለችኝ ሌላ ናት። የሸጠችልኝ ቅቤ ከርፍቶ ኖሮ ሳላውቅ ወጥ ሠራሁበት፤ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር በላው። ከበላ በኋላ ረጅም ጊዜ ውሃ ሲጠጣ ነው የነቃሁት።

ምክሩማ አይጠየቅ። አንዱ የሚዛን እርጥበት ነው አለኝ፣ ማጂ ወጥቼ ደጋ አየር እንድስብ የነገረኝ አለ፣ ድሮም ቢላዋ የነካው አፍንጫ አይመለስም ያለም አለ። እኔ ግን ጥፋተኛውን አግኝቼዋለሁ፤ ሐኪሙ ነው። ግድግዳውን ሲያቃና ሌላውን አበላሽቶት ነው ብዬ ደመደምኩ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ «ተመለሽና አሳዪው» ሲለኝ፣ «እመለሳለሁ፤ ግን ለማሳየት አይደለም፣ ልኩን ለመንገር ነው» አልኩት። ከሚዛን ጅማ ያለውን መንገድ ሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ የምለውን ስደረድር ሄድኩ። ቦንጋ ላይ ንግግሬ በጣም አምሮ ነበር።

ሐኪሙ ንግግሬን አላስጀመረኝም። አስቀመጠኝ፣ መብራቱን አበራ፣ ወደ ውስጥ አየ።

«ምን ሲያስገቡበት ነበር?» አለኝ።

«ምንም።»

በቀጭን መቆንጠጫ አንድ ነገር ሳበ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ያወጣውን ነገር ነጭ ፋሻ ላይ አኖረው፤ የጠቆረ፣ የደረቀ፣ የጥጥ ክር የተጠመጠመበት ቅንጣት። በአጉሊ መነጽር ማየት አላስፈለገኝም።

«ጤና አዳም ነው?» አለ።

ከሚዛን ጀምሮ ያሳመርኩት ንግግር ሁሉ በነነ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፈገግ አለ። «የእኔም እናት ቤት አለ» አለኝና አስረዳኝ። ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ ቀዶ ሕክምናው ደህና ነው። ነገር ግን ቁስሉ ሳይታጠብ ቆሻሻው ሲጠራቀም፣ ግድግዳውና ከጎኑ ያለው ሥጋ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲውሉ፣ ሁለቱም ሲድኑ አብረው ተጣብቀው ዳኑ። በግራም በቀኝም።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «የባዮሎጂ መምህርት ነኝ» ብዬ ጨመርኩበት።

የተጣበቀውን እንደሚያላቅቀው፣ እንደገና እንዳይገናኙም መሃላቸው ስስ ላስቲክ ለጥቂት ቀን እንደሚያኖር ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በእኔ እጅ ነው፤ የጨው ውሃ፣ ምንም አለመወተፍ፣ በየሳምንቱ ጅማ መመላለስ። «አሁንም ከተጣበቀ እንደገና መቁረጡን አልመክርም» አለኝ። «ጠባሳው በጠባሳ ላይ እየተደራረበ ቀዳዳው ይጠባል።» የቀረኝ ዕድል አንድ መሆኑ ገባኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ያሳሰበኝ መቆረጡ አይደለም። እናቴ ናት። አፍንጫዬ ዳግም ሊነካ መሆኑን ከሰማች ያን ቅል ይዛ ትመጣለች፤ ጤና አዳሟን ታሻለች፤ እኔም አፍ ላይ የደረሰ ነገር እየዋጥኩ እወተፋለሁ። እሷን ልከልክላት ካልኩ ደግሞ ለምን እንደሆነ መንገር አለብኝ። በሕይወቷ እጅግ ደስ ብሏት ያደረገችው ነገር የልጇን ትንፋሽ እንደዘጋው መንገር። መተንፈስ እፈልጋለሁ፤ ያን ደስታዋን ግን ከእጇ መቀማት አልፈለግኩም።

«አንነግራትም» አልኩት ባለቤቴን።

«ጌጫ እኮ ሩቅ አይደለም» አለኝ።

ልክ ነበር። ጅማ ሄጄ ላስቲኬን አስገብቼ በተመለስኩ ማግሥት እናቴ ከነቅሏ ደጃፌ ላይ ቆማለች። የነገራት ከሚዛን ቴፒ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ በእኛ አገር መኪና ከሰውና ከሙዝ ይልቅ ወሬ ይጭናል። ሰላምታዋን እንደጨረሰች የሳሎኑን መጋረጃ ማውረድ ጀመረች።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ልስቀለውና እቀመጣለሁ።»

«አሁን ቁጭ በይ። ሐኪሙ ምንም ነገር አፍንጫዬ ውስጥ እንዳይገባ ብሏል።»

«ያን ጊዜም ብሎ ነበር።»

«አዎ፣ ብሎ ነበር።»

መጋረጃውን እንደያዘች ተቀመጠች። ባለቤቴ ወደ መዳፉ አቀርቅሮ የማሽን ዘይት እንደሚፈልግ ሰው ጣቶቹን ያያል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ታዲያ የዘጋሽ የእኔ ጤና አዳም ነው?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ውሸቶች አዘጋጅቼ ነበር። የሚዛን እርጥበት አለ፤ ማጂ አልወጣሁም ማለት ይቻላል፤ ሐኪሙንም መውቀስ ይቻላል፣ ጅማ ነው፣ አይሰማም። ፊቷን ሳየው ሁሉም ከሸፈ። እናቴ ሰው ሲዋሻት ታውቃለች፤ የሚያስከፋትም መዋሸቱ ነው።

«አዎ፣ እማዬ። ጥጡ ነው። ቁስሉ ስላልታጠበ ተጣበቀ።»

አላለቀሰችም። መጋረጃውን በእጥፋቱ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ በሹፌሩ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴ «ልሂድ?» አለኝ። «ተዋት» አልኩት። እናቴ በኀዘኗ ላይ ሰው ሲገባባት አትወድም።

ብዙ ቆይታ ማንቆርቆሪያ ይዛ ተመለሰች።

«ጨዉ ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

«ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ።»

«ውሃው ይፈላል?»

«ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ነው።»

«በይ፣ ነይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ሕግ ገባ። እናቴ ውሃውን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ጨዉን በጥብጣ፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሞልታ ትጠብቀኛለች። ሳፋ ላይ ጎንበስ እላለሁ፤ እሷ ከአንገቴ ይዛኝ በአንዱ ቀዳዳ ትለቅበታለች። መጀመሪያ ጊዜ ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ አማተበች። ከለመደችው በኋላ ግን ምሕረት የላትም። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስሪንጁ ፊቴ ላይ ነው። «ቆይ፣ ትንፋሽ ልሰብስብ» ስላት «ለእሱ እኮ ነው» ትለኛለች። ባለቤቴ ጉንፋን ሲይዘው እሱንም ያዘችው። ሰውዬው ቤቱን ለቆ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ሊሸሽ ምንም አልቀረው፤ «ቡናውም እንዲህ አይታጠብም» አለኝ በሹክሹክታ።

ጅማም አብራኝ ትሄድ ነበር። መንገድ ላይ የሚያገኛትን ሽታ ፈርታ ጤና አዳሙን በመሀረቧ ቋጥራ ይዛ ትሄዳለች፤ የምታሸተው ግን ራሷ ብቻ ናት፤ ወደ እኔ አታስጠጋውም። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ክፍል እንደገባን እንኳን ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ዶክተር፣ ያ ጥጥ የእኔ ነው። እሷ አይደለችም ያደረገችው።»

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት።

«አውቄያለሁ፣ እማማ» አላት። «ይልቅ አሁን ማን ነው የሚያጥባት?»

«እኔ ነኝ።»

መብራቱን አብርቶ ወደ ውስጥ አየ። ላስቲኩን አወጣ፤ እንደገና አየ። «የተጣበቀ ነገር የለም» አለ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ አፍንጫ ብዙ አይገጥመኝም። የመምህርቷ እጅ እንዳልሆነ ያስታውቃል።» እናቴ ፊቷን አዞረች፤ ስትስቅ ጥርሷን ሰው እንዲያይባት አትወድም።

በየሳምንቱ የመጣው አየር ትንሽ ትንሽ ነው። መጀመሪያ በቀኝ በኩል እንደ ክር የቀጠነ ነገር ገባ፤ ቀጥሎ በግራ። ሁለቱም ቀዳዳ ሲሠራ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበርና መጀመሪያ ብርድ መሰለኝ። ዛሬም ዝናብ ሲበዛ ግራው ይከብደኛል፤ ሐኪሙ ይህ ከእኔ ጋር ሊኖር ይችላል ብሎኛል። ይኑር። ከዚህ በፊት ከእኔ ጋር ከኖረው ጋር ሳስተያየው እንግዳ እንኳ አይባልም።

የመጨረሻውን ቀጠሮ ጨርሰን የተመለስን ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፤ እናቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ ጋቢዋን ትጠቅማለች። ወደ ጌጫ ልትመለስ ዕቃዋን ሸክፋለች። ሳልጠይቃት፣ መርፌዋን ሳታቆም፣ ማውራት ጀመረች።

«አንቺን ስወልድ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም» አለች። «እናቴ ጎጃም ቀርታለች። አባትሽ ለንግድ ማጂ ወጥቶ ነበር። ጌጫ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የጎረቤቶቼን ቋንቋ አላውቅም፣ እነሱም የእኔን አያውቁም። ደጎች ናቸው፤ ቆጮ ጋግረው በር ላይ ያኖሩልኝ ነበር። ግን የሚያርሰኝ አልነበረም። ልጅ የምይዘውም ውሃ የምቀዳውም እኔ ነኝ። ሳልጠነክር ተነስቼ ምንጭ ወረድኩ። እዚያ ነው ብርዱም ሽታውም የመታኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልያዝኩም።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ልጄን ግን እኔው አርሳታለሁ አልኩ። እሷን ማንም ብቻዋን አይተዋትም አልኩ። ለዚያ ነው።»

በትዳሬ ዘመን ሁሉ የእኔን ልጅ የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር። ጓዳዋ ውስጥ ነቀዝ ሲበላው የምትተካው እህል ለማላመጣው የልጅ ልጇ መስሎኝ፣ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ለእኔ ኖሯል። እኔ ብርድ እንዳያገኘኝ።

ፈተናውን ሰብስቤ ተነሳሁ።

«ተኚ» አልኳት።

«ምን ሆኜ?»

«እኔ የተነሳሁበት ላይ ተኚ። ሙቀቱ ሳይሄድ።»

«ልጅቷ ምን ነካት? መንገደኛ ነኝ እኮ።»

«መንገዱ ይቆይሻል።»

ጫማዋን አወለቅኩላት፤ አልተከላከለችም። ጉልበቷን ቀስ ብዬ አንስቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። እግሯን በገዛ ጋቢዋ ጠቀለልኩት። ከዚያ ገንፎ ላገነፋ ገባሁ። ገንፎ አይሆንልኝም፤ እኔ ተማሪ ቤት ስመላለስ ያደግኩ ነኝ። ዱቄቱን ነሰነስኩ፣ ማማሰያውን ጨብጬ ታገልኩ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው። በሩ ክፍት ነው፤ እናቴ ከአልጋዋ ታየኛለች።

«አፍሽን ገጥመሽ ነው የምታማስዪው» አለችኝ።

አላስተዋልኩትም ነበር። ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ሳህኑን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። አንድ ጉርሻ ወሰደች፤ እንደምትፈርድ ዳኛ ቀመሰችው።

«ጓጉሏል» አለች።

«ይቅር?»

«ማን ይቅር አለ? ቅቤ ጨምሪበት።»

ጨመርኩላት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ፣ ሳትቸኩል በላች። ከጎረቤት ማድ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሸተተኝ። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁላት።